ጀሶ፣ ፋይበር፣ ብረት፣ ክራንች፦ አጥንት ለተሰበረበት ሰው የኔ ጥቆማ

በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆነዋል። «ብረት ይግባለት ተባለ፣ ባይገባስ?» «ፋይበር ይሻላል ጀሶ?» «ክራንች የቱን ልያዝ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈውና ወደዚህ ልምራችሁ ብዬ ነው።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀዶ ሕክምና አልሠራም፣ ጀሶም አላስርም፤ ጀሶው ተፈትቶ፣ ስፌቱ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ «አለቀ» ካለ በኋላ ታካሚው የሚመጣው ግን እኔ ጋ ነው። ራጁ ሲታይ አጥንቱ ያማረ፣ ጉልበቱ ግን የማይታጠፍ ሰው አያለሁ። አጥንቱ ትንሽ ዘመም ብሎ የገጠመ፣ ግን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የሚውልም አያለሁ። ስለዚህ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ የትኛው ምርጫ ነው ጉዳት ሳይጨምር መገጣጠሚያውን ቶሎ የሚያንቀሳቅሰው፣ እግሩንም ቶሎ የሚያስረግጠው? እርግጥ ራጃችሁን በእጁ ይዞ ያየ ሐኪም ቃል ከኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

ጀሶ ወይስ ፋይበር

ጀሶ የተነከረበትን ፋሻ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው አንቶኒየስ ማታይሰን የተባለ የኔዘርላንድ ጦር ሐኪም ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ከሥራ አልወጣም። ምክንያቱም ሲረጥብ እንደ ሊጥ ነው፤ የሐኪሙ መዳፍ የፈለገውን ቅርጽ ይይዛል። ተጎትቶ ወደ ቦታው የተመለሰ አጥንት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ይህ ቅርጽ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ይከብዳል፣ ውኃ ያበላሸዋል፣ እስከ ውስጡ ለመድረቅም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በነዚህ ቀናት በጣት ጫፍ ከተጫናችሁት ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱ ከውስጥ በኩል ቆዳውን ሲጫን ይከርምና ያቆስለዋል። ማንሳት ካለባችሁ በመዳፍ ነው።

ፋይበር፣ ማለትም እንደ ጀሶ የሚጠቀለለው የፋይበርግላስ ማሰሪያ፣ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ሐኪሙ ከፈቀደም በዚያው ቀን ይረገጥበታል። «ውኃ አይፈራም» የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ፋይበሩን ውኃ አይጎዳውም፣ ከስሩ የተጠቀለለው ጥጥ ግን ውኃ ይጠጣል። እርጥብ ጥጥ ቆዳ ላይ ሲከርም ቆዳው ነጣ ብሎ ይላላል፣ ይሸታል፣ ይቆስላል። ውኃ የማይዝ ልዩ የውስጥ ሽፋን ካልተደረገለት በቀር ስትታጠቡ በፕላስቲክ መሸፈኑ ግዴታ ነው።

ጥቆማዬ፦ በመጀመሪያው ሳምንት እጁም እግሩም ስለሚያብጥ ዙሪያውን የማይዘጋ ግማሽ ጀሶ። እብጠቱ ከወረደ፣ ራጁም አጥንቱ ቦታውን እንደያዘ ካሳየ በኋላ ፋይበር። ገና ያበጠ እግር ላይ ሙሉ ፋይበር ተጠቅልሎ ሳይ አልወደውም፤ እብጠቱ ሲጨምር ንቅንቅ አይልምና።

ሲያሳክክ ምንም ነገር አታስገቡ። አንዴ የአንድ ልጅ ጀሶ ሲቆረጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የእስኪርብቶ ክዳን፣ ሁለት የማበጠሪያ ጥርስና አንድ ሳንቲም ወጣ። ሳንቲሙ እንዴት እንደገባ ልጁ ራሱ አያውቅም። ክዳኑ የተኛበት ቦታ ላይ ግን የክዳኑን ልክ የሚያህል ክብ ቁስል ነበር። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ በቀዝቃዛው ንፉበት፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ይችን ግን በቀይ አስምሩባት። ከተሰበረ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ብሎ እየባሰ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቻችሁን ቀጥ ሲያደርጋቸው የሚያስጮህ ከሆነ፣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሱና ሂዱ። ጡንቻው በሽፋኑ ውስጥ አብጦ ደሙ እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይሉታል። ጡንቻና ነርቭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ላይመለሱ ይሞታሉ። «የልብ ምቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰማል፣ ደህና ነው» አያጽናናችሁ፤ ምቱ እስከ መጨረሻው ሊሰማ ይችላል።

ብረት ይግባ አይግባ

ይህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የትኛው አጥንት? የት ቦታ ላይ? የተሰበረበት ሰውስ ማን ነው?

የእጅ አንጓ። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ድራፍት 2 የተባለ ጥናት ቦታውን ለቆ የተመለሰ የአንጓ ስብራት ያለባቸውን አዋቂዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በጀሶ ብቻ፣ ግማሾቹ ኬ-ዋየር በሚሉት ቀጭን ሽቦ ታከሙ። ከ12 ወር በኋላ የእጃቸው ሥራ ልዩነት አልነበረውም። ሆኖም በጀሶ ከታከሙት ከ8 አንዱ ገደማ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አጥንቱ ተንሸራቶ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ጀሶን ከመረጣችሁ በየሳምንቱ የተቀጠረላችሁን ራጅ አለመዝለል ነው። «አያመኝም» ብሎ ቀርቶ በ6ኛው ሳምንት የሚመጣ ሰው የተንሸራተተውን አጥንት እንደተንሸራተተ አስገጥሞ ነው የሚመጣው።

ትከሻ አጠገብ የተሰበረ የላይኛው ክንድም እንዲሁ ነው። ፕሮፈር የተባለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ 250 ሰው ላይ፦ በቀዶ ሕክምናና በማንጠልጠያ መካከል እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ልዩነት አልተገኘም። የክንዱ መካከል ከተሰበረ ደግሞ ሳርሚየንቶ ብሬስ የሚባል በክንዱ ዙሪያ የሚጠብቅ ድጋፍ አለ፤ ትከሻና ክርን ነጻ ናቸው። በበኩሌ ካየኋቸው ድጋፎች ሁሉ የምወደው ነው። ክንዱ ጥቂት ዲግሪ ዘመም ብሎ ቢገጥም በሥራ ላይ ማንም አያውቀውም።

የጭን አጥንት ሌላ ታሪክ ነው። አዋቂ ሰው የጭኑ አጥንት መሀሉ ላይ ተሰብሮ «ብረት አልፈልግም» ሲል እፈራለታለሁ። አማራጩ በክብደት እየተጎተቱ ለሳምንታት በጀርባ መተኛት ነው፤ ከዚያ ጋር የጀርባ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋት ይመጣል። ጌርሃርድ ኩንቸር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ረጅም ዘንግ አስገብቶ ጀመረ፤ ዛሬ ኔይል የምንለው የሱ ልጅ ነው። ኔይል የገባለት ሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ከአልጋ ይወርዳል። እዚህ ላይ አላመነታም፤ ኔይል።

«የምታከምበት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሰዓት ራጅ የሚያሳየው ሲ-አርም የለውም» ብሎ የጻፈልኝ ወንድም፣ ሳይን ኔይል ይሠሩ እንደሆነ ጠይቅ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ኔይሉን የሠራው ያ ማሽን ለሌለባቸው ሆስፒታሎች ነው። ከውጭ የሚያያዝ አቅጣጫ ጠቋሚ አለው፤ ሐኪሙ በሱ እየተመራ ኔይሉን ከአጥንቱ ጋር የሚቆልፈውን ብሎን ቀዳዳ ያገኛል።

ቅልጥም መሀሉ ላይ ከሆነም ኔይል እመርጣለሁ። ሲንበረከኩ ጉልበት ፊት ለፊት የሚያም ነገር ሊተው እንደሚችል ግን ከአሁኑ እወቁት፤ ስንቶች «ጉልበቴ አልተሰበረም ነበር፣ ለምን ያመኛል?» ብለው ይመጣሉ። ስብራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ በተሰበሩት ጫፎች መካከል ትንሽ የከፍታ ልዩነት እንኳ ከቀረች ዓመታት ቆይቶ መገጣጠሚያውን ትበላዋለች፤ ስለዚህ ፕሌት (አጥንቱ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) እና ብሎን።

ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ወይም አባት ካላችሁ ቀጠሮ አታራዝሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሂፕ አታክ ጥናት በ6 ሰዓት ገደማ የተሠሩትንና በ24 ሰዓት ገደማ የተሠሩትን አነጻጽሯል። የሞት ልዩነት አልታየም፤ ቀድመው የተሠሩት ግን መቃዠቱ ቀነሰላቸው፣ ቶሎም ቆሙ። እኔ ጋ ሲመጡም ልዩነቱ ያስታውቃል።

ቁስሉ ክፍት ከሆነ

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ውድድሩ ከአጥንቱ ጋር ሳይሆን ከተሕዋስያኑ ጋር ነው። የቁስሉን ደረጃ የሚሰጡት ጉስቲሎና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት አከፋፈል ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የምታንስ ቁስል በአንደኛው ደረጃ ትመደባለች። «ትንሽ ናት» ብሎ ፋሻ ጠቅልሎ መተኛት ግን የለም። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በተቻለ ፍጥነት ይሰጥ፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ማጠቢያው፦ ፍሎው የተባለው ትልቅ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በተራ የጨው ውኃ መታጠብ በሳሙና ከመታጠብ የተሻለ መሆኑን አሳየ። በሳሙና የታጠቡት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የበዛባቸው ሆነው ተገኙ። የውኃው ግፊትም ከፍም ይበል ዝቅ ለውጥ አላመጣም።

ከውጭ የሚታሰረውን ብረት ያያችሁ ሰዎች ትደነግጣላችሁ። አትደንግጡ። ቁስሉ እስኪጠራ የሚቆም ምሰሶ ነው። ክብ ክብ ቀለበት ያለው፣ በሠራው ሐኪም ስም ኢሊዛሮቭ የሚባለው ደግሞ አጥንት እስከ ማስረዘም ይደርሳል፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም በአራት ጊዜ ሩብ ሩብ እየተዞረ። ታካሚው ራሱ ነው የሚያዞረው። ሽቦው ቆዳ የሚበሳበትን ቦታ ንጽሕና ቸል ያለ ሰው ግን ብዙ ይሰቃያል።

የማይረባ ግዢ

ስብራትን «በድምፅ ሞገድ» ቶሎ ያድናል የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ እንዳትገዙ። ትረስት የተባለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን 501 ሰዎች ይዞ ፈትሾታል። ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም አጥንቱ በዚያው ጊዜ ገጠመ። ይልቅ ሲጋራ የምታጨሱ አቁሙ። አጥንት ቶሎ እንዳይገጥም ሲያዘገይ ያየሁት እሱን ነው።

ክራንችና ሚዛን

ክራንች ሲገዛ ማንም አይለካውም፤ በጣም ይገርመኛል። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ በብብታችሁና በክራንቹ የላይኛው ጫፍ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። መያዣው እጃችሁ ተንጠልጥሎ አንጓችሁ በሚደርስበት ቁመት ይሁን። ክብደታችሁን የሚሸከመው መዳፍ ነው፣ ብብት አይደለም። ብብታቸው ላይ ተደግፈው ከርመው እጃቸው ደንዝዞ የመጡ አይቻለሁ፤ እግር ሊያድኑ ሄደው የእጅ ነርቭ ተጫኑ። በክንድ የሚያዘው አጭሩ ክራንች ለወራት ለሚቆይ ሰው ይመቻል፤ ለአዛውንት ግን አራት እግር ያለው መራመጃ። ሁሉም ላይ የጎማውን ጫማ ገልብጣችሁ እዩ፣ ካለቀ ቀይሩት። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው።

«በ20 ኪሎ ብቻ ርገጥ» ተብሎ የተላከ አንድ ጎልማሳ ነበረኝ፤ ከቅልጥም ኔይል በኋላ። 20 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ እግር አያውቅም። የክብደት መለኪያ ሚዛን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጎኑ ላይ እኩል ቁመት ያለው ሳንቃ። ደህናውን እግር ሳንቃው ላይ፣ የታመመውን ሚዛኑ ላይ አቆመ። ሲጀምር መርፌው 3 ላይ ተንቀጠቀጠ። «ርገጥ» አልኩት፣ 7። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ጨፍኖ 20 ላይ ማቆም ቻለ። ቤታችሁም ትችሉታላችሁ፤ ስንት ኪሎ እንደተፈቀደ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ።

ፊዚዮቴራፒ እንዴት ይመረጣል

ሰዓቱን ሙሉ መብራትና ማሽን ደቅኖባችሁ እናንተን የማያንቀሳቅስ ቦታ ከሆነ ቀይሩ። ማሽኑ ደስ ይላል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። የቤት ሥራ የሚሰጥ፣ የታጠፋችሁበትን ዲግሪ እየለካ የሚጽፍ ይሻላችኋል። የደረቀ ክርንን በጉልበት የሚጎትት ወይም የሚያሽ ሰው ካጋጠማችሁ እጃችሁን ነጥቃችሁ ውጡ። ክርን በግድ ሲዘረጋ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይዘረጋም።

የራሴን ልጨምር። በመዳፌ ወድቄ የአውራ ጣቴ ስር አመመኝ። ራጁ ንጹሕ ነው፣ «ወለምታ ነው» ተባልኩ፣ አመንኩ። ባለሙያ ነኝ ብዬ! ሳይሻለኝ ሲቀር በሁለተኛው ሳምንት ራጁ ሲደገም ስካፎይድ የሚባለው ትንሹ አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። ይህ አጥንት በመጀመሪያው ራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ደም የሚደርሰውም ከሩቁ ጫፍ በኩል ስለሆነ ቸል ከተባለ ይሞታል። አውራ ጣታችሁን ስትዘረጉ ከስሩ የሚፈጠረው ጎድጓዳ ሲነካ ካመማችሁ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንዲታሰርላችሁና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንዲደገም ጠይቁ።

ከታች የመጡ ጥያቄዎች

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አንጓ 6 ሳምንት ገደማ፣ ቅልጥም 4 ወርና ከዚያም በላይ፤ ሕፃናት ከዚህ ያፈጥናሉ። ብዙ ሐኪሞች «አልገጠመም» የሚሉት 9 ወር ሞልቶት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ራጁ ላይ ለውጥ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በ3ኛው ወር «አልገጠመልኝም» ብላችሁ አታልቅሱ።

«ቲታኒየም ይሻላል ስቲል?» ለአብዛኛው ስብራት የሐኪሙ እጅ ከብረቱ ዓይነት ይበልጣል።

«ከዳንኩ በኋላ ብረቱ ይውጣ ወይ?» ካላስቸገረ፣ ካልተቆረቆረ፣ ካልመረቀዘ ይቀመጥ። ማውጣቱም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቆይቶ ብሎኑ አልፈታ የሚልበት ጊዜ አለ። ካወጣችሁ ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳ እስኪሞላ አጥንቱ ለሳምንታት ደካማ ነው፤ በነዚያ ሳምንታት ኳስ አትጫወቱ።