የጎንደሩ ሥራ፦ ሰፊ ማዕዘን ሌንሱን ከመግዛታችን በፊት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንና የፋሲል ግንብን በፎቶ ለታሪክ የምናስቀምጥበትን ሥራ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ በጥቅምት ውስጥ ጽፈን መጨረስ አለብን። ያልተቋጨው የሌንሱ ጉዳይ ነው። ካሜራ አለን፤ አንድ አባላችን ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 100ኤሱን ለሥራው ሰጥቶናል፤ እግዜር ይስጠው። 102 ሜጋፒክሰል ነው፤ ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር። ያለን ሌንስ ግን 63 ሚሊ ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ነው እይታው የሚሰፋው። በእሱ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ውስጥ ከጣሪያው እስከ ወለሉ በአንድ ፎቶ ማሳየት አይታሰብም።

የቀረቡት ሦስት ናቸው፦ 23 ሚሊ ኤፍ 4፣ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ኤፍ 4 ዙም፣ እና 30 ሚሊ ኤፍ 5.6 ቲልት-ሺፍት (ካሜራው ሳይነቃነቅ ሌንሱ ብቻ የሚዘነብልና የሚንሸራተት)። ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። በለመድነው ፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር ሴንሰር ባለው ካሜራ) ስናስበው 18፣ ከ16 እስከ 28፣ እና 24 ሚሊ ማለት ነው። የእኔ አቋም አንድ ነው፤ ሳንሞክር አንግዛ። እናንተስ?

ገንዘብ ያዥ፦
23 ሚሊውና ዙሙ ገበያ ላይ ሲወጡ 2,500 ዶላር አካባቢ ነበሩ፤ ቲልት-ሺፍቱ ደግሞ 4,000። ይሄ ከአባላት መዋጮ የሚወጣ ብር ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ሳቀርብ "ጥሩ ሌንስ ነው" ብዬ መቆም አልችልም። ለምን ሥራ እንደሚገዛና ለዚያ ሥራ እንደሚበቃ በምን እንዳረጋገጥን በአንድ ገጽ ጻፉልኝ።

የአርክቴክቸር ፎቶ የሚያነሳው አባል፦
እኔ ለቲልት-ሺፍቱ ነው የምሟገተው። የፋሲል ግንብን ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርገን ስናነሳው ማማዎቹ በፎቶው ላይ ወደ ውስጥ የሚወድቁ ይመስላሉ። በኮምፒውተር ማቅናት ይቻላል፤ ግን ላይኛው ክፍል ይለጠጥና ጥራቱን ያጣል። ይህ ሌንስ 15 ሚሊ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ማማው ሙሉ ይገባል።

ወጣቱ አባል፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ገብቶኛል፤ ግን ቁጥሩን ሠርቼ ነበር። ከግንቡ 20 ሜትር ርቀን ካሜራውን ቀጥ አድርገን እናቁም። ቲልት-ሺፍቱ በአግድም ቆሞ እስከ መጨረሻው ሲንሸራተት ከካሜራው በላይ 21 ሜትር ያህል ያሳያል። 23 ሚሊውን በቁመት ብናዞረው ደግሞ 19 ሜትር። የዙሙ 20 ሚሊ በቁመት ወደ 22 ሜትር ይደርሳል። ከታች የሚተርፈውን መሬት እንቆርጠዋለን። ግማሹን ብንቆርጥ እንኳ 50 ሜጋፒክሰል ይቀረናል። ለ1,500 ዶላር ልዩነት ይሄ የሚበቃን ይመስለኛል።

የአርክቴክቸር ፎቶ የሚያነሳው አባል፦
ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በዚህ መንገድ የማማው ጫፍ የሚያርፈው የሌንሱ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ደካማ ከሆነ ሐሳብህ ይፈርሳል። ፈተናው ይህን ካካተተ እስማማለሁ።

የጎንደሩ አባል፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ስለ ጣሪያው ልናገር፤ እዚያ ያደግኩ ሰው ነኝ። የመላእክቱ ፊቶች የተሳሉት በወራጆቹ መካከል ነው። ከሥር ቆማችሁ ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ሁሉም ፊት ይታያችኋል። ወደ ዳር ስታዩ ግን ወራጁ የሥዕሉን ጎን ይከልላል። ሰፊ ሌንስም እንደዚያው ነው የሚያየው። ወራጁ ከሥዕሉ 10 ሳንቲሜትር ወደ ታች ቢወጣ፣ 23 ሚሊው የፎቶው ግራና ቀኝ ዳር ላይ 9.5 ሳንቲሜትር ያህል ሥዕል ይደበቅበታል። ባለን 63 ሚሊ ግን 3.5 ብቻ።

ሌላም አለ። ጣሪያው ከሌንሱ 4 ሜትር ይርቃል እንበል። 23 ሚሊው 7.6 በ5.7 ሜትር ይይዛል፤ ለአንድ ሚሊሜትር ሥዕል 1.5 ፒክሰል ገደማ ይደርሳል። 63 ሚሊው ከ4 ፒክሰል በላይ ይሰጣል። የመልአኩን የዓይን መስመርና የቀለሙን ስንጥቅ ለታሪክ ማስቀመጥ ከፈለግን ጣሪያውን በ63 ሚሊው እየቆራረጥን አንስተን ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አንድ ላይ እንስፋቸው። አዲሱ ሌንስ ለቤቱ ነው እንጂ ለሥዕሉ አይደለም።

አስተባባሪ፦
ይሄ የሐሳባችንን መሃል ቀየረው። እኔ ራሴ ጣሪያውን እያሰብኩ ነበር ሰፊ ሌንስ የምፈልገው። አሁን ጥያቄው ጠራ፤ ሌንሱ የሚፈተነው በቤቱ አጠቃላይ ገጽታና በግንቡ ነው።

ወጣቱ አባል፦
አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ዳር ላይ ያሉ ፊቶች በሰፊ ሌንስ አይለጠጡም?

አስተባባሪ፦
የግድግዳ ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ሴንሰሩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ከሆነ ዳር ያለውም ፊት መልኩን እንደጠበቀ ይወጣል። የሚለጠጠው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ነው። ይሄ የሌንስ ጉድለት አይደለም፤ የሰፊ እይታ ባሕርይ ነው። ስለዚህ አባቶችን ስናነሳ ወደ መሃል እናቁማቸው። በፈተናው ውጤት ላይ ይሄን እንደ ጥፋት እንዳንጽፍ።

የሜሪላንዱ አባል፦
ሰላም ለእናንተ። እዚህ ሌንስ በሳምንት የሚያከራዩ አሉ። በኅዳር ስለምመጣ 23 ሚሊውንና ዙሙን ተከራይቼ ይዤ እመጣለሁ፤ ኪራዩን እኔ እችላለሁ። ፈተናውን ግን በደንብ እናድርገው። ከዓመታት በፊት የገዛሁት ሌንስ ግራ ጎኑ የደበዘዘ ነበር፤ የእጄ ጥፋት መስሎኝ አንድ ሙሉ ሠርግ አንስቼበታለሁ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይሄ ነው። ሩቅ ያለ፣ ጥቃቅን ነገር የሚታይበት ሕንፃ እመርጣለሁ። ያንኑ አንድ መስኮት በተራ በአራቱም ጥግ ላይ አስቀምጬ አነሳለሁ፤ በኤፍ 4፣ 5.6፣ 8 እና 11። የአራቱም ጥግ ጥራት እኩል ከሳሳ የሌንሱ አሠራር ነው፤ አፐርቸሩ ሲጠብ ይሻላል። አንዱ ጥግ ብቻ ከሳሳ ያ ሌንስ ራሱ ችግር አለበት፤ ይመለሳል። ከኤፍ 11 ወዲያ መሄድ አያስፈልግም። የዚህ ካሜራ ፒክሰል 3.76 ማይክሮን ስለሆነ፣ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲበተን መሃሉም መለስለስ ይጀምራል።

የጎንደሩ አባል፦
ትራይፖዱን አትርሱ። ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው። ምንጣፍ ላይ ትራይፖድ ይሰምጣል፤ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ይነቃነቃል። በዚያ ጨለማ በሰከንዶች የሚቆጠር ፎቶ ስናነሳ ብዥታውን በሌንሱ ላይ እንዳናሳብብ። ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ሳንቃ እናድርግ፤ 10 ሰከንድ ቆጥሮ የሚያነሳበትን ሰዓት እንጠቀም። ፍላሽ ፈጽሞ አይታሰብ።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ አርሙት።

"ሰፊ ማዕዘን ሌንስ የምንፈልገው ለደብረ ብርሃን ሥላሴ የውስጥ አጠቃላይ ገጽታና ለፋሲል ግንብ ነው። የጣሪያው ሥዕል ባለን 63 ሚሊ በክፍልፋይ ይነሳል። በኅዳር ሁለት የኪራይ ሌንሶች መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ጎንደር ይፈተናሉ። ዙሙ በ20 ሚሊ፣ በኤፍ 8፣ በአራቱም ጥግ የግንቡን ድንጋዮች ለይቶ ካሳየ ዙሙ ይገዛል። ካላሳየ 23 ሚሊው። ሁለቱም ካልበቁ ቲልት-ሺፍቱ በሥራው ሳምንት ብቻ ይከራያል እንጂ አይገዛም።"

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄን ማቅረብ እችላለሁ። "ፎቶዎቹን የሚገመግሙት ሦስት አባላት ናቸው፤ የትኛው በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ አይነገራቸውም" የሚል ጨምሩበት። ሁላችንም አስቀድመን የወደድነው አለን።

የአርክቴክቸር ፎቶ የሚያነሳው አባል፦
ተስማምቻለሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ልሁን።

የጎንደሩ አባል፦
ፈቃዱን ከደብሩ አስተዳዳሪና ከቅርስ ጥበቃ ቢሮው በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ከኅዳር እንዳያልፍ ብቻ፤ ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር በእንግዳ ይሞላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ፋታ አይኖረውም። 4 ሜትር ያልኩት በግምት ነው። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሜትር ይዤ ሄጄ፣ አባቶች ከፈቀዱልኝ ከፍታውንም የወራጁንም ውፍረት ለክቼ እልክላችኋለሁ።