«ዘርዝር» የሚል ትዕዛዝ እንጨምር፦ የጋራ ሐሳባችንን ለማዘጋጀት

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እየቀዳን በኢንተርኔት ማከማቻ የምናስቀምጥበትን ማኅደራችንን የምናስተዳድርባት ትንሽ የተርሚናል መሣሪያ (በጽሑፍ የምትታዘዝ ፕሮግራም) ሦስት ትዕዛዝ አላት፦ ላክ፣ አምጣ፣ ሰርዝ። ማከማቻው ውስጥ ምን እንዳለን የሚነግረን ትዕዛዝ ግን የላትም። ስንጀምር አላስፈለገንም ነበር። ካሴቶቹ ጥቂት ስለነበሩ አንድ ኤክሴል ላይ እየመዘገብን እንሄድ ነበር። አሁን ኤክሴሉና ማከማቻው ከተለያዩ ቆዩ። ኤክሴሉ አለ የሚለው ማከማቻው ውስጥ አይገኝም፤ ማከማቻው ውስጥ ያለውን ደግሞ ኤክሴሉ አያውቀውም።

የደረሰብንን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ለአዳዲስ አባላት ልድገመው። አንዳችን ለጊዜው ይሁን ብሎ ማከማቻው ውስጥ ያሉትን የፋይል ስሞች የሚያወጣ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ጻፈ። ስክሪፕቱ ሠራ። ዝርዝሩ ንጹሕ ነበር፤ ምንም ስሕተት አላሳየም። የደሴ ካሴቶች ግን አልነበሩበትም። የጎንደሮቹም፣ የጅማዎቹም የሉም። ጠፍተዋል ብለን ካሴቶቹን ከሳጥን አውጥተን እንደገና መቅዳት ጀመርን። ከመካከላቸው አንዱ ሁለተኛውን ቅጂ አልቻለም፤ ቴፑ ተበጠሰ። የመጀመሪያው ቅጂ ለካ ማከማቻው ውስጥ በሰላም ተቀምጧል።

ምክንያቱን ስንደርስበት እንዲህ ነው። ማከማቻችን የሚሠራው ኤስ3 በተባለው የአማዞን የኢንተርኔት ማከማቻ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለአንድ የዝርዝር ጥያቄ ቢበዛ 1,000 ስም ይመልሳል። የቀረ ካለ «ገና አለ» የሚል ምልክትና የመቀጠያ ቁልፍ አብሮ ይልካል። በዚያ ቁልፍ ደግሞ መጠየቅ የጠያቂው ፋንታ ነው። ስክሪፕቱ አልጠየቀም። ስሞቹ የሚደረደሩት በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደላትን በሚያስቀምጥባቸው ቁጥሮች፣ ቅደም ተከተል ነው፤ ይህም ለፊደላችን ከሞላ ጎደል ከሀ እስከ ፐ ያለው የለመድነው ተራ ነው። እኛ ዘንድ 1,000ኛው ስም «አ» ላይ አለቀ። ሐረርና መቀሌ ታዩ። ወሎ፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ጎንደር ከመስመሩ ወዲያ ቀሩ።

ስለዚህ «ዘርዝር» የሚል አራተኛ ትዕዛዝ እንጨምር እላለሁ። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ያላለቀ ዝርዝር ያለቀ መስሎ እንዳይታይ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ሰብስቤ አንድ ጽሑፍ አደርገዋለሁ።

ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ፣ ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሞከርኩት ጥቂት ፋይል ባለበት የሙከራ ማከማቻ ላይ ብቻ ነበር። ስለተበጠሰው ካሴት ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። «ገና አለ» እስከተባለ ድረስ መሣሪያዋ ራሷ ደጋግማ ትጠይቃለች። እያንዳንዱ ገጽ ሲመጣ ወዲያው ይታተም፤ ሁሉንም እስክትሰበስብ ሰው ባዶ ስክሪን ላይ አይፍጠጥ። መሐል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠስ? ያወጣችውን ታቆያለች፤ መጨረሻ ላይ በስሕተት መስመር «ዝርዝሩ አልተጠናቀቀም፤ እስካሁን ይህን ያህል ስም ታይቷል» ብላ ትጽፋለች። የመውጫ ቁጥሯም፣ ማለትም ሥራዋን ስትጨርስ ለሌሎች ፕሮግራሞች የምትተወው ቁጥር፣ ዜሮ አይሆንም፤ ዜሮ ማለት «በደኅና አለቀ» ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለዓይን አይታይም፤ ግን ሌላ ስክሪፕት የኛን ዝርዝር አንብቦ አንድ ነገር ቢሰርዝ፣ የሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው። ባዶ አቃፊ ሲሆን ግን ዜሮ ይሁን። ባዶ መሆን ስሕተት አይደለም።

ከሥርዓቱ ጠባይ ሁለተኛው ነገር፦ ኤስ3 ውስጥ እውነተኛ አቃፊ የለም። «ደሴ/ሠርግ/01» ሙሉው አንድ ስም ነው፤ አቃፊ የሚመስለን በእዝባሩ (/) ምክንያት ነው። ስንጠይቅ «እዝባሩ ጋ ቁረጥልኝ» ካልን ሰርቨሩ (የማከማቻው ኮምፒውተር) ከዚያ በታች ያሉትን ስሞች በጋራ መነሻቸው ጠቅልሎ ይሰጠናል። ስለዚህ «ዘርዝር ደሴ/» ሲባል አንድ ደረጃ ብቻ ይታይ፤ እስከ ታች የሚወርደው «ሁሉንም» የሚል ቃል ሲጨመር ይሁን።

አርክሎን የተባለውን ነጻ መሣሪያ ለምን አንጠቀምም የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም ለራሴ እሱን ነው የምጠቀመው። ግን ለመዘርዘር ብቻ አምስት ትዕዛዝ አለው፦ አንዱ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሌላው አቃፊ ብቻ ያሳያል፣ አንዱ ለስክሪፕት ነው፣ አንዱ ፕሮግራሞች በሚያነቡት በጄሰን ቅርጽ ያወጣል። ካሴት የሚቀዱልን ሰዎች በአማርኛ «ላክ» ብለው የለመዱ ናቸው። ለነሱ አንዲት ቃል ትበቃለች። አርክሎንን ለምስክርነት እናስቀምጠው፤ የሱ ቆጠራና የኛ ቆጠራ እኩል መሆን አለበት።

ሒሳብ ያዥ

ከመስማማቴ በፊት ወጪውን ማወቅ አለብኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ ያስከፍላል ተብያለሁ። ሰው በቀን ሃያ ጊዜ «ዘርዝር» ቢል ምን ሊደርስብን ነው?

ሌላም አለኝ። ደረሰኙ ላይ የምንከፍልበት መጠን ከኤክሴሉ ድምር ሁልጊዜ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። የት ነው ያለው ትርፉ?

ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ጥያቄው አይስጉ። የአማዞን መደበኛ ዋጋ በቨርጂኒያ ማዕከሉ ለ1,000 የዝርዝር ጥያቄ 0.005 ዶላር ነው። አንድ ጥያቄ 1,000 ስም ስለሚያመጣ፣ በአንድ ዶላር ሁለት መቶ ሚሊዮን ስም ይዘረዘራል ማለት ነው። ያን ያህል ካሴት አገሪቱም ያላት አይመስለኝም።

ትርፉን በተመለከተ ግን ትልቅ ነገር ነው ያነሡት። የ60 ደቂቃ ካሴት በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ ሲቀዳ 1.04 ጊጋባይት ይሆናል። የ90ው 1.56 ነው። ይህን የሚያህል ፋይል የሚላከው ተቆራርጦ ነው። ቁራጮቹ ሁሉ ሲደርሱ «ግጠማቸው» ይባላል፤ ያኔ ፋይሉ ይወለዳል። መብራት መሐል ላይ ሲሄድ የደረሱት ቁራጮች እዚያው ይቀራሉ። አልተገጠሙምና በተለመደው ዝርዝር ውስጥ አይታዩም፤ ማከማቻው ግን ቦታ ስለያዙ ያስከፍላል። ትርፉ ይህ ሳይሆን አይቀርም። እነሱን የሚያሳይ ሌላ ዓይነት ጥያቄ አለ። ስለዚህ «ዘርዝር ያላለቁ» የሚል እንጨምር። ምን ተቋርጦ እንደቀረ፣ መቼ እንደተጀመረ ያሳየናል።

ሒሳብ ያዥ

እንዲህ ከሆነ «ያላለቁ» የሚለው በመጀመሪያው እትም ይግባ። ለሁለተኛው አይቆይ። አባላት ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚያዋጡት ገንዘብ ነው።

የካሴቶቹ ጠባቂ፣ አዲስ አበባ

ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተሩን ብዙም አላውቅም፤ ካሴቶቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ።

የልጅ ልጄ ያሳየችኝ ናሙና ላይ «ቀን» የሚል አምድ አለ። የትኛው ቀን ነው? ከሐረር የመጣውን የሠርግ ካሴት ያለፈው ኅዳር ይለዋል። ሙሽሮቹ ዛሬ አያቶች ናቸው።

ሁለተኛው የፊደሉ ነገር ነው። የአንዲት እናት ድምፅ አለን። አንዱ ስሟን «ፀሐይ» ብሎ ጻፈ፤ አንዱ «ጸሐይ»፣ አንዱ «ፀሀይ»። ሁላቸውም አልተሳሳቱም፤ ሰው እንደለመደው ይጽፋል። እኔ አንዱን ብዬ ስፈልግ ሌሎቹ ይቀሩብኛል ወይ? እንዲያ ከሆነ ያው የደሴው ነገር ነው። አለ፣ ግን አይታይም።

ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ሁለቱም ጥያቄ ትክክል ነው።

ቀኑ ፋይሉ ማከማቻው ውስጥ የገባበት ነው። ካሴቱ መቼ እንደተቀዳ ማከማቻው በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አምዱ «ቀን» አይባል፤ «የተላከበት» ይባል። ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተላከ 17፡00 ተብሎ ይመዘገባል። ለሰው ሲታይ ወደ አገር ቤት ሰዓት ይለወጥ፤ ለስክሪፕት ሲወጣ እንዳለ ይቆይ።

የፊደሉ ነገር ለሰርቨሩ አይገባውም። ለሱ ፀ እና ጸ የማይገናኙ ባይቶች ናቸው። የስሙን መነሻ ልኬ «በዚህ የሚጀምሩትን ስጠኝ» ካልኩት ሌሎቹን አይሰጠኝም። መፍትሔው ስሞቹን ሁሉ አምጥቶ እዚሁ ማጣራት ነው፤ እንዳየነው ማምጣቱ ርካሽ ነው። ስናነጻጽር ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደዚያው እንይ። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ»ም ይግቡበት። የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይሁን። አንድም ፊደል አንነካም።

ከዚሁ ጋር የታዘብኩትን ልጨምር። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል። ማከማቻው እስከ 1,024 ባይት የሆነ ስም ይቀበላል፤ ያም 341 ፊደል ነው። የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ግን አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም፤ 85 ፊደል ብቻ። ረጅም ስም ከሰጠን ማከማቻው ይቀበለናል፤ «አምጣ» ስንል ግን እምቢ ይላል። ዝርዝሩ እንዲህ ያሉትን ምልክት ያድርግባቸው። የስሙ አምድም መጨረሻ ላይ ይሁን። ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ መሐል ላይ ከገባ አምዶቹ ይጣመማሉ።

አባል፣ ኔታንያ

እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ጥሩ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

ከኛ ከእስራኤል በኩል የመጡት ካሴቶች አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ናቸው። ቤተሰብ ተለያይቶ በነበረበት ዘመን እናት ለልጇ ድምፅዋን ቀድታ በሰው እጅ የላከችው። ስታለቅስ ይሰማል። የፋይሉ ስም ላይ ደግሞ የላኪና የተቀባይ ስም ተጽፏል። ድምፁን ማንም ሳይፈቀድለት አይከፍትም፤ ይህን ተስማምተናል። ስሙስ? «ዘርዝር» የሚለውን ማንም አባል ቢጽፍ ማን ለማን እንደላከ ያነባል። ቤተሰቦቹ ካሴቱን ሲሰጡኝ ይህን አልነገርኳቸውም።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ይህ ለኔም አልታየኝም ነበር። ካሴቶቻችሁን በአደራ ነው የተቀበልነው። ይህ ሳይፈታ ትዕዛዙ አይወጣም።

ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይፈታል። ኤስ3 ውስጥ የማየት ፈቃድና የመክፈት ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ለአንድ ሰው መክፈትን ፈቅደን መዘርዘርን መከልከል እንችላለን። መዘርዘርን በስም መነሻ መገደብም ይቻላል፦ የኔታንያ አባላት «ኔታንያ/» ሥር ያለውን ብቻ፣ የደሴ ቀጂዎች «ደሴ/» ሥር ያለውን ብቻ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያኔ የእያንዳንዱ ሰው ዝርዝር ይለያያል። ስለዚህ መጨረሻው መስመር ላይ «የታየው ኔታንያ/ ሥር ያለው ብቻ ነው» ብላ መሣሪያዋ ትጻፍ። አለዚያ ሌላው ሁሉ የለም ብሎ የሚያስብ ይኖራል። የመዘርዘር ፈቃድ የሌለው ሰው የሌለ ፋይል ሲጠይቅ ደግሞ ሰርቨሩ «የለም» አይለውም፤ «አልተፈቀደም» ነው የሚለው። መልእክታችን ይህን በግልጽ ያስረዳ፤ ሰው እንዳይደናገጥ።

አባል፣ ኔታንያ

በዚህ እስማማለሁ። ቤተሰቦቹን እኔ አነጋግራለሁ። የማይፈልጉ ካሉ ስሙ በቁጥር ይለወጥላቸው።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

እንግዲህ የተስማማንበትን እንዲህ ጻፍኩት፤ አንብባችሁ አርሙ።

«ዘርዝር የሚለው ትዕዛዝ የተፈቀደለትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያሳያል። ካላሳየ አለማሳየቱን ይናገራል። መጠንን፣ የተላከበትን ቀንና ስምን በዚህ ቅደም ተከተል ያወጣል። ለስክሪፕት በጄሰን ያወጣል። ተቋርጠው የቀሩትን ለብቻ ያሳያል። ስም ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላትን (እንደ ጸ እና ፀ ያሉትን) እንደ አንድ ያያል። ማንም አባል ከራሱ ቅርንጫፍ ውጭ ያለውን ስም አያይም፤ የሁሉም ዝርዝር ለካሴቶቹ ጠባቂና ለሒሳብ ያዡ ብቻ ይከፈታል።»

ሁለት ነገር አልተቋጨም። አንደኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። እኔ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ እፈልግ ነበር። ከስቶክሆልም ያለው ወንድማችን ለብቻ የጻፈልኝን ሳነብ ግን ተለወጥኩ፦ እዚያ የተወለዱት ልጆች ጳጉሜን ሲያዩ ይደናገራሉ፤ እነሱ ናቸው ደግሞ ነገ ማኅደሩን የሚረከቡት። ሁለቱም ጎን ለጎን ይታዩ ቢባል መስመሩ ይረዝማል። ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ይምረጥ፣ መሣሪያዋም ታስታውሰው የሚለው ለኔ የተሻለ ነው። ሁለተኛው፣ ተርሚናል ላይ ኪቦርድ መቀያየር የሚያስቸግራቸው «ዘርዝር»ን በላቲን ፊደልም መጻፍ ይፈልጋሉ። ይህን የሚቃወም ያለ አይመስለኝም።

የካሴቶቹ ጠባቂ፣ አዲስ አበባ

እኔ ሁሉንም ተቀብያለሁ። በየትኛው ሙከራ ነው ግን መሥራቱን የምናውቀው? ያለፈውም ሠርቷል ተብሎ ነበር።

ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልክ ነዎት ጋሼ። የሙከራ ማከማቻው ውስጥ 1,001 ባዶ ፋይሎች አስገባለሁ። የመጨረሻው «ፐ» ብሎ እንዲጀምር አደርጋለሁ። እሱ ካልታየ ኮዱ አይገባም። ከዚያ 2,000 ልክ አድርጌ ደግሜ እሞክራለሁ፤ ገጹ ልክ ሞልቶ ሲያልቅ የሚሳሳት ኮድ አይቻለሁ። በመጨረሻ መሐል ላይ ኔትወርኩን እነቅልና «አልተጠናቀቀም» ማለቷን አያለሁ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።

የካሴቶቹ ጠባቂ፣ አዲስ አበባ

መልካም። እኔም ቅዳሜ ሳጥኖቹ ዘንድ ነኝ። ዝርዝሩ ሲወጣ በወረቀት አትማችሁ ላኩልኝ፤ ከካሴቶቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ከደሴው እጀምራለሁ።