መጀመሪያ ዲግሪ ወይስ ቀጥታ ፓይለትነት? ከአባቴ ጋር አልተስማማንም

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሒሳብና ፊዚክስ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፓይለት ከመሆን ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም። ቤታችን ገርጂ ነው፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ደግሞ ወደ ውጭ ሳላይ በድምፁ ብቻ ድሪምላይነር ነው ኪው 400 ነው እያልኩ እገምታለሁ፣ ወንድሜ ይስቅብኛል።

አባቴ ግን "መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ብረሪ" ይላል። እሱ የሚለው ኢንጂነሪንግ ነው። አምስት ዓመት! ስጨርስ 23 ወይ 24 ልሆን ነው። በሌላ በኩል ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ "እዚህ ነይና ብረራ ተማሪ፣ የተወሰነውን እኔ እችላለሁ" ብላኛለች። እናቴ ዝም ብላለች፣ ዝም ካለች ደግሞ ከአባቴ ጋር ነች ማለት ነው።

በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ዲግሪው ያስፈልጋል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ቀኝ_ወንበር

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። በዚህ ጊዜ 12ኛን በጥሩ ውጤት ማለፍ ራሱ ቀላል አይደለም። እኔ አገር ውስጥ መስመር ላይ ረዳት አብራሪ ነኝ፣ ያቺን በድምፅ የምትለያትን ኪው 400 ነው የማበረው።

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሜዲካል ታይተሻል? ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ በቀለም ነጠብጣብ መሃል ቁጥር የሚፈለግበት ፈተና። መነጽር ብቻውን አይጥልሽም። ቀለም አለመለየት ግን ሁሉንም ነገር ሊያበላሽ ይችላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ እስኪመረመር አያውቀውም። ካልታየሽ ከአባትሽ ጋር የምትከራከሪው ገና ስለሌለ ነገር ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እዚህ አገር ዋናው ነገር "ማን ነው የሚከፍለው" የሚለው ነው። አየር መንገድ ከፍሎ ሲያሰለጥንሽ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ለዓመታት ታገለግያለሽ፣ ጥለሽ ከወጣሽ ትከፍያለሽ። የትምህርት መስፈርቱን ማስታወቂያው ሲወጣ እዚያው ላይ አንብቢው፣ የጎረቤት ልጅ የዛሬ ስንት ዓመት በምን እንደገባ አትስሚ። ከእኔ ጋር ከሰለጠኑት ውስጥ ከ12ኛ ቀጥታ የመጣ ነበር፣ መካኒካል ኢንጂነር ነበር፣ አንዱ ጭራሽ ፋርማሲስት ነበር። ሲሙሌተር ውስጥ ማን ዲግሪ እንዳለው አይታወቅም።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አስተማሪያችን የሚወዳት ጥያቄ ነበረች፤ ለማረፍ እየወረድክ ነው፣ ከመሬት አንጻር ፍጥነትህ 140 ኖት ነው፣ በደቂቃ ስንት ጫማ ነው የምትወርደው? መልሱ ፍጥነቱን በአምስት ማባዛት ነው፣ 700። ይቺን ሬድዮ እየሰማሽ፣ ነፋስ ከጎን እየገፋሽ፣ ወረቀት ሳትነኪ መመለስ አለብሽ። ኢንጂነሩ ጓደኛችን በታንጀንት ላውጣው ሲል ማረፊያውን አልፎት ሄደ። እስካሁን "ታንጀንት" ነው የምንለው። ከ12ኛ የመጣው ልጅ በሁለት ሰከንድ መለሳት። እርግጥ ያው ልጅ የመጀመሪያው የሜትሮሎጂ ፈተና ላይ ተንገዳግዷል፣ ማንበብ ስላልለመደ።

ባጭሩ፣ በሩ ከተከፈተልሽ ግቢ። አምስት ዓመት ቀድመሽ ከጀመርሽ ካፒቴንነቱም ቀድሞ ይመጣል፣ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ደግሞ 65 ዓመት ሲሞላሽ በቃ ትባያለሽ።

ዳላስ_ነኝ

ስለ አክስትሽ ሐሳብ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ በየሳምንቱ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ የሐበሻ ወላጅ አለ። የበረራ አስተማሪ ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ ከዜሮ ተነስተሽ አስተማሪ እስከምትሆኚ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ ያስወጣል። "የተወሰነውን" ማለት ስንቱን ነው? እሱን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ቀጥሎ የበረራ ሰዓት አለ። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ኮልጋን የሚባል አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ካለቀ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፣ ከ2013 ጀምሮ አየር መንገድ ለመግባት በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት መብረር አለብሽ። እየተከፈለሽ ለመብረር የሚያስችለውን የንግድ አብራሪነት ፈቃድ የምታገኚው 250 ሰዓት አካባቢ ላይ ነው። ቀሪውን 1,250 ከየት ታመጪዋለሽ? አብዛኛው ሰው እያስተማረ ነው የሚሞላው። እኔ አሁን እሱን እየሞላሁ ነው። ትናንት በ38 ዲግሪ ሙቀት ከአንድ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ጋር ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተጣብቀን ተቀምጠን አሥራ አንድ ጊዜ ተነስተን አሥራ አንድ ጊዜ አረፍን፣ ዘጠነኛው ላይ አፍንጫዋን ሊያስተክላት ነበር። በዚህ ሁሉ የተገኘው 1.6 ሰዓት ነው።

ለማስተማር ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ግሪን ካርድ ስላለኝ ነው። አንቺ በበረራ ትምህርት ቤት በኩል ኤም-1 በሚባለው ቪዛ ከመጣሽ ከትምህርቱ በኋላ ለልምምድ የሚፈቀድልሽ ቢበዛ ስድስት ወር ነው፣ እዚሁ ሆነሽ ወደ ኤፍ-1 (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቪዛ) መቀየርም አይቻልም። በዩኒቨርሲቲ በኩል በኤፍ-1 ከመጣሽ ግን ከምረቃ በኋላ በሙያሽ አንድ ዓመት መሥራት ትችያለሽ። በዚያ ላይ እውቅና ካለው ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ዲግሪ ከተመረቅሽ 1,500ው ወደ 1,000 ይወርድልሻል። ልብ በይ፣ በአቪዬሽን! አባትሽ የሚሉት ኢንጂነሪንግ አንዲት ሰዓት አይቀንስልሽም።

ስለዚህ እዚህ ለመምጣት ከሆነ ዲግሪው ግዴታ ሊሆንብሽ ነው ማለት ነው፣ አየር መንገዶቹ ስለጠየቁ ሳይሆን ቪዛው ስለሚያስገድድሽ። ዴልታ የሚባለው ትልቁ አየር መንገድ እንኳ በ2022 የአራት ዓመት ዲግሪን ግዴታ ከመሆን አውጥቶታል። ዝም ብለሽ ተነስተሽ እንዳትመጪ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና እንዳይሆን።

ሸገር_ቦይ

አባትሽ ልክ ናቸው። ዲግሪ ያዢ። ተዘጋ።

ቀኝ_ወንበር

@ሸገር_ቦይ አንተ ፓይለት ነህ?

ሸገር_ቦይ

አባት ነኝ 😂

ተመላሽ

እኔ ቀኝ_ወንበር ካለው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ የሚለው ውሸት ስለሆነ ሳይሆን እሱን ገና ያልገጠመው ነገር እኔን ስለገጠመኝ ነው።

ገልፍ ውስጥ ስድስት ዓመት በርሬያለሁ። በ2020 ኮቪድ መጣ። መጀመሪያ "ያለ ደሞዝ እረፍት ውሰዱ" አሉን፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ኢሜይል መጣ። አራት አንቀጽ ነው። ሦስተኛው ላይ ነው ሥራ እንደሌለኝ የገባኝ። መኖሪያዬ የኩባንያው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በእነሱ፣ የልጄ ትምህርት ቤት በእነሱ። በ30 ቀን ውስጥ እቃዬን በካርቶን አድርጌ አዲስ አበባ ነበርኩ። እናቴ ቤት፣ በልጅነቴ አልጋ ላይ፣ ከሚስቴና ከልጄ ጋር።

እኔን ያተረፈኝ ያ ስንቀው የኖርኩት የኤሌክትሪካል ዲግሪ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሊፍት የሚገጥም ድርጅት ውስጥ አስገባኝ፣ ሁለት ዓመት ሠራሁበት። አብረውኝ የተባረሩ፣ ከእኔ የተሻሉ አብራሪዎች፣ እጃቸው ላይ ከላይሰንሱ ሌላ ምንም ስላልነበር ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፉት እኔ ነኝ የማውቀው። ኮቪድ ባይመጣ እንኳ ሜዲካል አለ። በየዓመቱ ትታያለሽ፣ አንድ ቀን ልብሽ ወይ ስኳርሽ "በቃ" ይልሻል፣ በዚያች ቀን ሙያሽ ያበቃል። ሐኪም እንዲህ አይሆንም፣ መሐንዲስም አይሆንም።

ግን አምስት ዓመት መሬት ላይ ቁጭ በይ እያልኩሽ አይደለም። ከእኛ ውስጥ አንዷ ከ12ኛ ቀጥታ ገብታ፣ ኋላ እየበረረች በርቀት አካውንቲንግ ጨርሳለች። ሆቴል ስናድር እኛ ገበያ ስንወጣ እሷ ሌጀር ትሠራለች። አምስት ዓመት ፈጀባት፣ ጨረሰች። በነገራችን ላይ የአየር መንገዱ አካዳሚ አሁን የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዲግሪም ይሰጣል፣ ያንንም ጠይቂ።

ቀኝ_ወንበር

@ተመላሽ ጋሼ ይሄን እቀበላለሁ። እኔ ያልኩት ዲግሪው ይቅር ሳይሆን በሩ አይለፋት ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባ እየተማረች ማስታወቂያው ሲወጣ ብታመለክት ምን ትጎዳለች? ካለፈች ትገባለች። ካላለፈች ትምህርቷ እዚያው አለ።

ተመላሽ

እሱ ይሻላል።

የገርጂዋ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የዳላሱን ለአክስቴ አነበብኩላት፣ "የተወሰነውን" ያለችው አሥር ሺህ ዶላር ነበር 🙈 ስለዚህ አሜሪካ ለጊዜው ቀርቷል።

ምደባዬን እቀበላለሁ፣ ማስታወቂያ ሲወጣም አመለክታለሁ። አባዬ "እያለፍሽ ከሆነ እኔ ምን አግዳለሁ" ብሏል፣ ለእሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ ዓይኔን ልታይ ሄጄ ነበር፣ እሱ ነው የወሰደኝ። ሐኪሟ ያንን የነጠብጣብ መጽሐፍ ስትገልጥ እኔ 12፣ 8፣ 29 እያልኩ ሁሉንም ተናገርኩ። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ "ምን 29? የቱ ጋ ነው?" አለ። ሐኪሟ አየት አደረገችውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ከመጀመሪያው ገጽ በቀር አንድም ቁጥር አላየም። 54 ዓመቱ ነው፣ እስከዛሬ ማንም አልነገረውም። እናቴ ግን ስትሰማ በሳቅ ሞተች፣ ለካ ለሠርጋቸው ቡናማ ነው ብሎ የገዛው ሱፍ አረንጓዴ ነበር።

እኔ ምንም የለብኝም ተብያለሁ። እሱ እስካሁን መጽሐፉ ነው ያረጀው እያለ ነው።