በጦሳ ሥር ለተቋረጠ ጥናት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሥነ ምድር ባለሙያዎች፤

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት፣ በክረምት ዝናብና በመሬት መንሸራተት መካከል ስላለው ዝምድና የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት በመሥራት ላይ ሳለሁ፣ የመስክ ወጪዬን ይሸፍን የነበረው የውጭ የምርምር ድጋፍ በበጀት ቅነሳ ምክንያት ተሰረዘ። የዝናብ መለኪያዎቹ ሳይተከሉ ሐምሌ ገባ፤ ሐምሌ ደግሞ፣ ደሴን ለሚያውቅ፣ ሰው እስኪዘጋጅ የሚጠብቅ ወር አይደለም።

በምትኩ የያዝኩት መረጃው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚገኘውን የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ሴንቲኔል-1ን ነው። በተለያዩ ቀናት የተነሡ ምስሎችን በማነጻጸር መሬት በሚሊሜትር ደረጃ መንቀሳቀሱን ማየት ቢቻልም፣ ባሕር ዛፉ ስለሚወዛወዝና ስለሚያድግ በተዳፋቱ ላይ ምልክቱ ይበላሽብኛል፤ ጥርት ብሎ የሚታየኝ የቤቶቹ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ለዝናቡ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች የተጠናቀረውን፣ ቺርፕስ የተባለውን የዝናብ መረጃ ብሞክርም፣ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በ5 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን የተራራውንና የከተማውን ዝናብ ይደባልቅብኛል።

ስለዚህ ዛፍ በበዛበት ተዳፋት ላይ ራዳር የተጠቀመ ባለሙያ ዘዴውን እንዲያሳየኝ፣ የደሴን ወይም የኮምቦልቻን የዕለት ዝናብ በእጁ መዝግቦ ያቆየ ካለም ያለበት ድረስ መጥቼ ደብተሩን እንድገለብጥ እንዲፈቅድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።