አክሱም ክርስትናን መቼ ተቀበለች? 34 ወይስ 330ዎቹ (ክርክር)

አስተባባሪ፦ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሚዘጋጅ የታሪክ ማስተማሪያ ውስጥ «አክሱም ክርስትናን የተቀበለችው በ___ ዓ.ም. ነው» የሚል መስመር አለ። ከፊሉ 34 ይጻፍ ይላል፣ ከፊሉ 330። ባዶው ቦታ ምን ይግባበት? ስድብ የለም፣ ማስረጃ ያለው ይምጣ።

ዘአክሱም፦ 34 ነው፣ ምን ያከራክራል? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። የህንደኬ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ አጠመቀው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ኤውሳቢዮስም ጃንደረባው ወደ አገሩ ገብቶ ወንጌልን እንደሰበከ ጽፏል። የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ የመጣው ጥምቀትና ክህነት ሊያደርስ እንጂ ክርስቶስን ለማያውቅ ሕዝብ አይደለም።

ሳንቲም ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ ጃንደረባው መጠመቁን ማንም አልካደም። ጥያቄው የአክሱም ሰው ነበር ወይ ነው። ህንደኬ፣ በግሪኩ ካንዳኬ፣ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። መርዌ ዓባይ ዳር፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት። በዚያ ዘመን ግሪክ የሚጽፍ ሰው «ኢትዮጵያ» ሲል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ማለቱ ነበር። ስሙ ወደ እኛ ሲዞር በድንጋይ ላይ ይታያል፦ የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስለዘመተው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ የግዕዙ ክፍል «ሐበሠት» ያለውን የግሪኩ ክፍል «ኢትዮጵያውያን» ብሎታል። ያ ግን 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ዘአክሱም፦ ታዲያ 330 ከየት መጣ? እሱም እኮ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም!

ሳንቲም ቆጣሪ፦ ትክክል፣ አልተጻፈም። በስሌት የተገኘ ነው፣ ስሌቱም እንዲህ ነው። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ እስክንድርያ መንበር ላይ የወጣው በ328 ነው፣ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ አለ፣ በ356 ገደማ የተጻፈ፤ «ፍሬምናጦስ እስክንድርያ መጥቶ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር» የሚል አርዮሳዊ (ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን የአርዮስን ትምህርት የሚከተል ወገን) ትእዛዝ። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። እንግዲህ ሹመቱ በ328 እና በ356 መካከል ነው። ከዚህ ላይ አትናቴዎስ የተሰደደባቸውን ዓመታት ቀንሱ፣ ከ335 እስከ 337 እና ከ339 እስከ 346። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ «አትናቴዎስ በቅርቡ ነበር የተሾመው» ስለሚል ብዙዎች የመጀመሪያውን ጊዜ ይመርጣሉ። ቆስጠንጢዮስ በ356 የሹመቱን ጉዳይ ትኩስ አድርጎ ማንሣቱን የሚያዩ ደግሞ ወደ 346 እና ከዚያ ወዲህ ያመጡታል።

አንድ ስሕተት ግን ከሁለቱም ወገን አያለሁ። እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 330 እ.ኤ.አ. በእኛ 322 ወይም 323 ዓ.ም. ነው። 34 ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር የተያዘ ነው፣ ስቅለት በመጋቢት 27 ቀን 34 ዓ.ም. ከሚለው የተወሰደ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዓ.ም.» ብሎ መዝጋት ልጆቹን ማሳሳት ነው።

ግዕዝ አንባቢ፦ ስለ ዓመቱ ከመጨቃጨቅ ቅደም ተከተሉን ብናስተካክል ይሻላል። በየመድረኩ የሚነገረው «ንጉሡ አመነ፣ ሕዝቡ ተከተለ» ነው። ሩፊኖስ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤድስዮስ አፍ ሰምቼ ነው ብሎ የጻፈው ሌላ ነው። ሁለቱ የጢሮስ ልጆች ቤተ መንግሥት ገቡ፣ አንዱ የመጠጥ አሳላፊ፣ ሌላው ጸሐፊና ገንዘብ ጠባቂ ሆነ። ንጉሡ ሞቶ አልጋ ወራሹ ሕፃን በነበረበት ጊዜ ፍሬምናጦስ ከሮም ግዛት የመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ አደረገ። ስለዚህ ነጋዴው ቀደመ፣ የጸሎት ቤቱ ተከተለ፣ ከዚያ ጳጳስ መጣ፣ ንጉሡ ራሱ ወደ መጨረሻው ነው።

ድንጋዮቹም ቀስ በቀስ ነው የሚናገሩት። የቤጃው ጽሑፍ ከክርስትና በፊት ይመለክ የነበረውን ማሕረምን ያመሰግናል። የኖባው ዘመቻ የግዕዝ ጽሑፍ «እግዚአ ሰማይ» (የሰማይ ጌታ) ይላል፣ ክርስቶስን በስም አይጠራም። በ1969 እ.ኤ.አ. የተገኘው የግሪክ ድንጋይ ግን አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። ለውጭ አንባቢ አንድ ነገር፣ ለአገር ሰው ለስለስ ያለ ነገር። እኔ ይህን ፍርሃት ሳይሆን ብልሃት ነው የምለው።

ሳንቲም ቆጣሪ፦ ሳንቲሙም ያንኑ ይመስክር። ኢዛና መጀመሪያ ያስመታው ወርቅ ከራሱ በላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አለው፣ እንደ ቀደሙት ነገሥታት። የኋለኛው 1.6 ግራም ገደማ የሚመዝን ወርቅ መስቀል አለው። ግን ተጠንቀቁ፣ የአክሱም ሳንቲም ዓመት አይጻፍበትም። ከሱ ማወቅ የሚቻለው የትኛው እንደቀደመ እንጂ ዓመቱ አይደለም። መስቀል ያለበትን ሳንቲም ይዞ «ይኸው 330!» የሚል ሰው ሳንቲሙ ያላለውን እየተናገረ ነው።

ዘቀይ ባሕር፦ ሁላችሁም አክሱምን ተቀባይ ብቻ አደረጋችኋት። በስብከት ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቦታዋ መላኳ ነው። በ525 እ.ኤ.አ. የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ሒምያርን (የዛሬዋን የመን) ከያዘ በኋላ በዛፋርና በናግራን አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። በ580 ገደማ ሰባኪው ሎንጊኖስ ወደ አልዋ፣ ከኖባ አገሮች ደቡባዊቷ፣ ሲደርስ ቀድመው የገቡ አክሱማውያን አግኝቷል። ይህን የጻፈው የኤፌሶኑ ዮሐንስ ነው።

ግዕዝ አንባቢ፦ የካሌብ ዘመቻ ጦር ነው፣ ስብከት አትበለው። የናግራን ክርስቲያኖች ከ525 በፊት ነበሩ፣ በ523 የተገደሉትም እነሱ ናቸው። አልዋ የተገኙትም ሎንጊኖስ የዩልያኖስ ዘሐሊካርናሶስ (እንደ መናፍቅ የተቆጠረ ጳጳስ) ተከታዮች ናችሁ ብሎ የተከራከራቸው ናቸው፣ በምሥጋና አልተጠቀሱም።

ዘቀይ ባሕር፦ መናፍቅ ቢባሉም ደርሰዋል እኮ! ለምን እንዳልቀጠለ ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኒቅያ ቀኖና ጳጳስ ለመሾም ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት ያስፈልጋሉ። አክሱም ከእስክንድርያ የሚላክላት በአብዛኛው አንድ ነበር። አንድ ጳጳስ ቄስና ዲያቆን ይሾማል፣ ሌላ ጳጳስ ግን ብቻውን አይሾምም። ጳጳስ ማውጣት የማትችል ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አገር ሀገረ ስብከት አታቆምም። የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመው በ1951 ዓ.ም. ነው፣ ከፍሬምናጦስ ከ1,600 ዓመት በኋላ!

ዘአክሱም፦ ይሁን፣ ጃንደረባው ግን ከመጽሐፉ አይውጣ። የመርዌም ቢሆን ቤተ ክርስቲያናችን የምታስበው የራሷ አድርጋ ነው።

አስተባባሪ፦ አይወጣም። መስመሩን ለሁለት ከፈልኩት፦ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጃንደረባውን ጥምቀት በ34 ዓ.ም. ታስባለች። የአክሱም ቤተ መንግሥት ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን ነው።» ሽፋኑ ላይ የ24 ሜትሩ ሐውልት ሊወጣ ነው፣ ተቃውሞ አለ?

ሳንቲም ቆጣሪ፦ አለ እንጂ። ሐውልቱ ከክርስትና በፊት ለነበሩ ነገሥታት መቃብር የቆመ ነው። መስቀል ያለበትን የኢዛናን ወርቅ አውጡ፣ አሥር እጥፍ አጉሉት፣ ካልሆነ መስቀሉ አይታይም።