ሃያ አራት ልጆች ወደ ኡራ፦ የጉዟችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። በእሁዱ ስብሰባ የተነሳውን የልጆች ጉዞ እዚህ እንጨርሰውና አንድ የጋራ ሐሳብ ለሥራ አስፈጻሚው እናቅርብ ተባብለን ነበር። መነሻውን እኔ ልጻፍ። እናንተ አርሙት፣ ጨምሩበት።

ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉትን ልጆቻችንን ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ ወስደን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሙዚየም እናሳያቸው ነው የምለው። ግን ግር ብለን ገብተን ግር ብለን የምንወጣ ከሆነ ይቅርብን። አባቶችን አስቀድመን እናስፈቅድ። ቤቱ ለኛ ልጆች ብቻ የሚከፈትበት ሰዓት እንለምን።

አምና 70 ልጆች ይዘን ሌላ ከተማ አንድ ሙዚየም ሄደን ነበር። አስጎብኚው ከፊት ይናገራል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም። በሩብ ሰዓት ውስጥ አልቆ ወጣን። ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ "ምን አየሽ?" አልኳት። "የልጆች ጀርባ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቁመቷ አጭር ነው። ያ መልስ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

የኡራው ቤት ትንሽ ነው። ዘውድ አለ፣ መስቀል አለ፣ የብራና መጻሕፍት አሉ። ትንሽ መሆኑን እንደ ችግር አትዩት። 24 ልጆች ብቻ እንያዝ፣ 12 በ12 ሆነው ይግቡ። አንዱ ቡድን ሙዚየሙ ውስጥ ሲሆን ሌላው ቤተ ክርስቲያኑን ይይ። የተረፉትን ልጆች በሌላ ወር እንወስዳለን።

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፣ ሰኞ ማታ

ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ከተነሳን አይቀር ለምን እዚያው ጣና ላይ ካሉት የደሴት ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስ አንሄድም? የነገሥታቱ አጽም ያለው እዚያ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ ዐፄ ፋሲልን በመጽሐፍ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ሩቅ ነው ካላችሁ ደግሞ ክብራን ገብርኤል አፍንጫችን ሥር አለ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ሐሳብዎን አክብሬ አንድ ነገር ልበል። ዳጋም ክብራንም ሴት አይገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነውና አልከራከርም። ግን ስም ዝርዝሩን ትናንት ቆጠርኩት። ከ24ቱ 13ቱ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ 13 ልጆች ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ሊጠብቁ ነው? እኔ ልጅ ሆኜ እንደዚያ ጠብቄአለሁ። ወንድሞቼ ወጥተው ያዩትን ሲያወሩ ዝም ብዬ ውሃውን ነበር የማየው። ኡራ ሴትም ወንድም እኩል ይገባል። ለኔ ይሄ ብቻ ይበቃል።

ሌላም አለ። ሙስሊም ጓደኞቻቸውን ይዘው መምጣት የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ሙዚየሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ በግቢው ውስጥ ያለ ቤት ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት የማይፈልግ ልጅ ሙዚየሙን አይቶ ውጭ ዛፍ ሥር ሊቆይ ይችላል። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይሄ በግልጽ ይጻፍ። ማንም ልጅ እዚያ ደርሶ እንዳይጨነቅ።

ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ልክ ነሽ ልጄ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዳጋን ትቻለሁ። ኡራ ይሁን።

ግን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ አትሩጡበት። በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ዘጌ አይታረስም፣ የዘጌው ጻድቅ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይላሉ አባቶች። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ነው። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እንዲህ ያለውን ጫካ ማን አቆየው ብሎ ልጁ ቢጠይቅ፣ መልሱ እግሩ ሥር ነው ያለው። ቆም እያላችሁ አሳዩአቸው።

የሥዕል መምህሩ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እኔ የምፈራው ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ሳያውቁ እንዳይሄዱ ነው። ብራና በመስታወት ውስጥ ሲያዩት አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ሁለት ሰዓት ስጡኝ።

እኔ ዘንድ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ብራና አለች። የፍየል ቆዳ ናት። ወደ ብርሃን ስታነሷት ጠጉሩ የነበረበት ቦታ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ይታያል። በጠርዟ ላይ በወስፌ የተወጋ ቀዳዳ አለ። ጸሐፊው መስመሩን የሚያሰምረው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ነው። ይህችን ቁራጭ ልጆቹ እየተቀባበሉ ይንኳት፣ ያሽትቷት። እዚያ ሄደው መንካት አይችሉምና እዚህ ይጥገቡ። ከዚያ የመቃ ብዕር እንቀርጻለን። በጥላሸት ቀለም ስማቸውን ይጽፋሉ። ቅዱስ ስም ለምን በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ያኔ እነግራቸዋለሁ። ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ)፣ ማኅደሩ (የቆዳ ማስቀመጫው) የቱ እንደሆነ አውቀው ከሄዱ ዕቃ ቤት ጠባቂውን አባት ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። የኡራ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ለልጆቹ አንድ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፤ ዓይን ቁጠሩ። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይሄን የነገርኩት ልጅ ግድግዳ ፊት ግማሽ ሰዓት ሲቆም አይቻለሁ።

አደራ፣ ፎቶ በፍላሽ አይነሳ። ብርሃኑ ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል። ስልክ ሁሉ በአንድ ቅርጫት ተሰብስቦ ከኛ ጋር ይሁን። እርሳስና ወረቀት ይያዙ፣ ያዩትን ይሣሉ።

ጀልባ ላይ የሠራው አባል፣ ማክሰኞ ማታ

እኔ ስለ ውሃው ልናገር። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ሞገዱን የማያውቅ ልጅ ይደነግጣል፣ ያስታውካል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር እንነሳ። እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። 6 ሰዓት ላይ ጀልባው ላይ ተመልሰን መቀመጥ አለብን። "ትንሽ ብንቆይስ" የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ይናገር።

ሁለት ጀልባ እንያዝ፣ በአንዱ አንጨናነቅ። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለልጆቹ ደግሞ በልጅ ልክ። የትልቅ ሰው ጃኬት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱን ይሸፍናል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ጃኬቱን ቆጥሬ፣ ማሰሪያውን ጎትቼ ሳላይ ቀብድ እንዳይከፈል። ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አባቶችን ደውለን እንጠይቅ። ጥርጣሬ ካለ ቀኑ ይዛወራል፣ ልጅ ይዞ መሞከር የለም።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ

ቀኑ ኅዳር ሦስተኛው ቅዳሜ ይባላል። ያ ቅዳሜ 16 ላይ እንዳይውል ካሌንደር እዩ። የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ በዓል ስለሆነ አባቶች ጊዜ አይኖራቸውም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፣ ምሳው የጾም ይሁን። እናቶች ሽሮ ፍርፍርና ዳቦ ከቤት ቢያሰናዱ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ከመዋጮው የሚወጣው ለጀልባ፣ ለመግቢያና ለሚያስረዱን አባት ስጦታ ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ካለ ለኔ ለብቻዬ ይንገረኝ፣ ስሙ እዚህ አይወራ።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሥራ አስፈጻሚው የሚገባው እንዲህ ይነበባል። ያልተስማማ ካለ እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

"ማኅበራችን 24 ልጆችን ከ4 አዋቂዎች ጋር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሙዚየም ለመውሰድ ይጠይቃል። ቦታው የተመረጠው ሴቶችም ወንዶችም እኩል ስለሚገቡበት ነው። ልጆቹ 12 በ12 ሆነው፣ ቤቱ ለእነሱ ብቻ በሚከፈትበት ሰዓት ይገባሉ። ለዚህም የትብብር ደብዳቤ ለገዳሙ አስተዳዳሪ ይጻፋል። አስቀድሞ ባለው ቅዳሜ የብራናና የሥዕል ትምህርት በአዳራሹ ይሰጣል። ጉዞው በሁለት ጀልባ፣ በጠዋት ሆኖ 6 ሰዓት ላይ መመለስ ይጀመራል። የልጅ ላይፍ ጃኬት ካልተሟላ ወይም መንገዱ ካላስተማመነ ጉዞው ይዛወራል። ቤተ ክርስቲያን መግባት በልጁና በወላጁ ፈቃድ ነው።"

የሦስት ልጆች እናት፣ ረቡዕ ማታ

ከአዋቂዎቹ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ የሚል ይጨመር። አንዷ እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ ማታ

ገብቷል። አጭር የሆኑት ልጆችም ከፊት ይቆማሉ፣ እሱንም ጽፌዋለሁ።

ጀልባ ላይ የሠራው አባል፣ ሐሙስ ጠዋት

ዛሬ ከሥራ መልስ ወደብ ወርጄ ጃኬቶቹን እቆጥራለሁ። ስንት የልጅ እንዳላቸው ማታ እጽፍላችኋለሁ።