የገንዘብ ፖሊሲ ፌዴሬሽን ያፈርሳል? ከሐዋሳ የተጀመረ ክርክር

መምህሩ፦
የሐዋሳ ወዳጆች፣ ፌዴሬሽን ለምን ይፈርሳል ሲባል ቋንቋ፣ ድንበርና ታሪክ እናነሳለን። ማዕከላዊ ባንኩን የሚያነሳ የለም። አንዱ አባል ከጋራው ካዝና በድብቅ ለራሱ የሚበደርበት በር ካገኘ፣ ሌሎቹ አብረው የሚቆዩበት ምክንያት ያልቃል ብዬ አምናለሁ። የስድስት ሪፐብሊኮች ፌዴሬሽን የነበረችውን ዩጎዝላቪያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቴ ማርኮቪች አንድን የጀርመን ማርክ በሰባት ዲናር (የአገሪቱ ገንዘብ) ተመነ፤ በወር ከ50 በመቶ በላይ ይንር የነበረው ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ረገበ። በ1990 ማብቂያ ግን የአንዷ አባል ሪፐብሊክ የሰርቢያ ምክር ቤት በምስጢር ወስኖ፣ የፌዴራሉ ባንክ ሳይፈቅድ ከ18 ቢሊዮን በላይ ዲናር ለራሱ በብድር አስወጣ። ነገሩ ጥር ላይ ተጋለጠ። ሌሎቹ አባላት ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ በ1991 ሰኔ ወር ነጻነታቸውን አወጁ።

የባንክ ባለሙያው፦
ጋሼ፣ እስቲ ቀኑን ይመልከቱ። የስሎቬኒያ ሕዝብ ለነጻነት ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1990 ነው። የሰርቢያ ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቼኮዝሎቫኪያስ? ገንዘቧ ኮሩናው ጤነኛ ነበር፤ አገሪቱ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ለሁለት ተከፈለች። ቢያንስ ለስድስት ወር በአንድ ገንዘብ እንቆያለን ተባብለው ነበር፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ግን በኖቶቹ ላይ የየራሳቸውን ቴምብር እየለጠፉ በገንዘብም ተለያዩ። ፖለቲካው ሲፈርስ ገንዘቡ ተከተለ፣ አለቀ።

ቡና ላኪዋ፦
ሁለታችሁም የገንዘብ ኅትመቱን ነገር ብቻ ይዛችኋል። የውጭ ምንዛሪውስ? እ.ኤ.አ. በ1971 ክሮኤሺያ ውስጥ ከተነሱት ዋና ጥያቄዎች አንዱ፣ ከባሕር ዳርቻችን ቱሪስት የሚገኘው ምንዛሪ ለምን በፌዴራሉ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ይቀራል የሚል ነበር። ይህ ለእኔ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና ልከን ካመጣነው ዶላር 70 በመቶው ለብሔራዊ ባንክ ይሄድ ነበር፤ ያውም ባንኩ ባወጣው ተመን። ለላኪው የሚቀረው 20 በመቶ ነበር። ከትይዩ ገበያው ጋር ያለውን ልዩነት በመጨረሻ የሚሸከመው የሲዳማ ገበሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን መደረጉን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ያ ሁሉ ዓመት ሲወሰንብን ማን ጠየቀን? ክልሎች በብሔራዊ ባንኩ ቦርድ ወንበር ይኑራቸው።

የባንክ ባለሙያው፦
እህቴ፣ ዩጎዝላቪያ እኮ ያ ወንበር ነበራት! የስድስቱ ሪፐብሊኮችና የሁለቱ ራስ ገዝ ግዛቶች ባንክ ገዥዎች በፌዴራሉ ባንክ ቦርድ አብረው ይቀመጡ ነበር፤ እያንዳንዱም ለየራሱ ፋብሪካ ብድር ይጎትት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ኖቱን የምታትመው ሞስኮ ብቻ ሆና ሳለ የየሪፐብሊኩ ማዕከላዊ ባንክ በሩብል ብድር ይፈጥር ነበር። ዕዳው ለሁሉም የዋጋ ንረት ሆኖ ደረሰ። ኢስቶኒያ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የራሷን ገንዘብ ክሮን አውጥታ ከሩብሉ ወጣች። ስለዚህ የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የኅትመቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ብቻ መስጠቱ ልክ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ይህን ያህል ርቃችሁ ለምን ትሄዳላችሁ? ኤርትራ ከተለየች በኋላ በብር መገበያየቷን ቀጥላ ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች፤ አስመራ አንድ ለአንድ ይመንዘር ስትል፣ አዲስ አበባ እምቢ ብላ ንግዱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ገባን። ጠቡ የባድመ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የድንበር ነጋዴው ተኮራርፎ ነበር።

መምህሩ፦
የስሎቬኒያ ድምፅ ቀድሟል፣ እውነት ነው። ድምፁ ግን የስድስት ወር ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ በእነዚያ ወራት በኮንፌዴሬሽን እንቆይ ይሆን የሚል ድርድር ነበር። ከዚያ ዝርፊያ በኋላ ማን ማንን አምኖ ይፈርማል? ለእህታችንም የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ስምንቱ ገዥዎች በቦርዱ ተቀምጠው ሳለ ገንዘቡ በጓዳ በር ወጣ። ወንበር ብቻውን አይበቃም፤ መዝገቡ መታየት አለበት። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር በየወሩ ለሕዝብና ለሁሉም ክልል ምክር ቤቶች እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደድ። የባንክ ባለሙያው ወንድሜ፣ ይህን የምትቃወም ከሆነ ምክንያትህን ጻፍልን።